በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ኢሊየም» የትኛው ነው? ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ ደሴ ውስጥ በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ቀጭኑ አንጀት የታችኛው ክፍል በሐኪም ወረቀት ላይ አይታችሁ ያልገባችሁን ቃል ጠይቁኝ። ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ዓይነ ምድርም ጋዝም እምቢ ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ግን እዚህ ጥያቄ አትጻፉ፤ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ኮሶም እንዳትሰጡት።

ከሐይቅ፦ የወንድሜ ወረቀት «ተርሚናል ኢሊየም ወፍሯል» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ብፈልገው የዳሌ አጥንት ሆኖ አገኘሁት። እሱን ያመመው ግን ሆዱን ነው።

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሁለት ኢሊየሞች አሉ፤ አንዱ የቀጭኑ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ሌላው የዳሌ አጥንት የላይኛው ሰፊ ክንፍ። በላቲን ፊደል የሚለያቸው ሦስተኛው ሆሄ ብቻ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ያም ይጠፋል። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ወጣት ገጠመን። ሕመሙ ከቀኝ ሆዱ በታች ነበር። ጤና ጣቢያ የጻፈለትን ወረቀት አንድ ተማሪ ዘመዱ አይቶ «ዳሌው ነው» አለ፤ ቤተሰቡም ወጌሻ ዘንድ ወሰደው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ዳሌው በታሸበት ቅቤ ወዝቶ ነበር፤ ሆዱ ደግሞ እንደ ሳንቃ ደርቋል። ሁለት ቀን ባክኗል። ልጁ ተረፈ፣ ከአንጀቱ ግን ተቆርጦ ወጣ። ስለዚህ አንዲት ቃል ነጥላችሁ አትፈልጉ፤ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከጎኑ ጄጁነም፣ ዱዎደነም (የቀጭኑ አንጀት ሌሎቹ ክፍሎች ናቸው) ወይም ተርሚናል ካለ የሚናገረው ስለ አንጀት ነው።

ተርሚናል የሚባለው ከወፍራሙ አንጀት ጋር የሚገናኘው ጫፍ ነው፤ ትርፍ አንጀት ከዚያው አጠገብ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ወደ ደም የሚገባው፣ የሐሞት ጨውም በብዛት ተመልሶ የሚመጠጠው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ብዙ የተቆረጠለት ሰው ቢ12 በመርፌ መውሰድ ሊያስፈልገው ይችላል። የሆድ ቲቢም አዘውትሮ የሚቀመጠው እዚያው አካባቢ ነው። «ወንድሜ አያስለውም» ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ሐኪሙን ስለ ቲቢ ጠይቀው።

ከወልድያ፦ እኔን ሆዴን ያመኛል። ምን ይሆን?

ሲስተር፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ትኩሳት አለህ? እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለኝም። ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታይ።

ከኩታበር፦ «ኢሊየስ»ስ የኢሊየም በሽታ ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። ምንም የዘጋው ነገር ሳይኖር አንጀት መንቀሳቀስ ሲያቆም ነው። ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ቀናት ያጋጥማል። በየጠዋቱ «ፈስ ወጣው?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። አንዲት እናት አፍራ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ወጥቶታል» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ለእኛ የዚያን ቀን ትልቁ የምሥራች እሱ ነበር። አትፈሩ፣ ንገሩን።

ከኮምቦልቻ፦ «አንጀቱ ታጠፈ» የሚባለውስ? አጎቴን የያዘው በረመዳን፣ ካፈጠረ በኋላ ነው።

ከመርሳ፦ ጾሙን አትወንጅል! ጎረቤታችንን የያዘው በፋሲካ ማግስት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ጾሙን ማን ወነጀለ? አበላሉን ነው ያልኩት።

ከላሊበላ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ከባድ ሸክም ነው የሚያጥፈው።

ሲስተር፦ ክርክሩ ይብቃ። ቮልቩለስ ይባላል፤ አንጀት በሥሩ ላይ ሲጠማዘዝ ነው። ባዶ የዋለ አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ ገለባማ ምግብ ሲወርድበት ከብዶ ይዞራል የሚል የሐኪሞች ግምት አለ። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ከፋፍሎ መብላት ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ይበጃል። ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። የተጠማዘዘ አንጀት ደም ስለማይደርሰው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እንደገና እላለሁ፦ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ!

ከደላንታ፦ እህቴ ታይፎይድ ነበረባት፤ ኋላ «አንጀቷ ተበስቷል» ተባለ። እንዴት ይሆናል?

ሲስተር፦ ኢሊየም ግድግዳ ላይ የመከላከያ ሕዋሳት የተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አሉ። ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ኮንራድ ፔየር እ.ኤ.አ. በ1677 ስለጻፈባቸው በስሙ ይጠራሉ። የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚያቆስለው እነሱን ነው፤ ካልታከመ ቁስሉ ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። የታዘዘውን መድኃኒት ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ አታቋርጡ። በአንድ የዊዳል የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ነው መባልንም እንደ መጨረሻ ቃል አትቀበሉ።

ከወረባቦ፦ ኢሊየም የዳሌ አጥንት ነው አይደል?

ሲስተር፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ከተንታ፦ እትዬ ሲስተር፣ ለባለቤቴ «ኢሊዮስቶሚ» ተሠርቶለታል። ከረጢቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ ነው። እንዳይጎዳ ውሃ ቀነስኩበት። ደግ አደረግሁ?

ሲስተር፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ መልሺለት። ስቶሚ ማለት አፍ ማበጀት ነው፤ አንጀቱ ወፍራሙ አንጀት ሳይደርስ በሆዱ ላይ ስለተከፈተ ዓይነ ምድሩ መቅጠኑ አይቀርም። ውሃውን የሚመጠው ወፍራሙ አንጀት ነበርና። ከውሃ ጋር ጨውም ይፈሳል፤ ስለዚህ ባዶ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኦአርኤስ ስጪው። ከረጢቱን እስኪሞላ አትጠብቂ፣ ሲሶው ሲሞላ ድፊው፤ ቆዳውን በንጹሕ ውሃ አጥበሽ አድርቂ። ሽንቱ ካነሰና ካጠቆረ፣ ሲነሣ ካዞረው፣ ወይም የሚወጣው ድንገት ከቆመና ሆዱ ከተነፋ ሳታድሩ ኑ። ወረቀቱንም ይዘሽ ነይ።