ስኮትላንድ ስትመጡ ጠይቃችሁ ብሉ፣ ሳትቀምሱም አትመለሱ

ኤድንብራ የሚመጣ የአበሻ እንግዳ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግንቡን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፒዛ ወይም የተጠበሰ ዶሮ ይበላል፣ ማታ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ለንደን ይመለሳል። «የአገሩን ምግብ ቀመስክ?» ስትሉት፣ «ኧረ የበግ ሆድ ዕቃ ነው አሉ» ይላችኋል። ይህ ነገር ያሳዝነኛል። ዱለት የሚወድ ሰው ሀጊስ ሳይቀምስ ሲመለስ ብዙ ነገር ቀርቶበታል።

እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በልቻለሁ፣ ጎረቤት ጠርቶኛል፣ ዓቢይ ጾምንም እዚሁ ጾሜያለሁ። ምግባቸው ከእኛ በጣም የራቀ አይደለም። አገሩ ብርድ ነው፤ ያለው በግ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ድንችና ዓሣ ነው። እኛን የሚያስቸግረን ውስጡ ምን እንደገባ አለማወቃችን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ምግብ ቤቶች እንደ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ያሉ አለርጂ የሚያመጡ 14 ነገሮች በምግቡ ውስጥ ካሉ ለደንበኛ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። አስተናጋጁ ጥያቄ ለምዷል፤ አይቀየማችሁም። ከጠየቃችሁ በኋላ ግን አትፍሩ፣ ብሉ።

ከሀጊስ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ስለሆነ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተቀቅሎ ይከተፋል። ሽንኩርት፣ ሞራ፣ የተከካ አጃ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል። ዱሮ የሚሞላው በበጉ ጨጓራ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በፋብሪካ በተሠራ ሽፋን ነው የሚመጣው። እንደገና ቀስ ብሎ ይቀቀላል። ሲቆረጥ ፈርፈር ይላል፣ መልኩ ቡናማ ነው፣ የቁንዶ በርበሬው ሽታ ቀድሞ አፍንጫ ይገባል። አጠገቡ የተፈጨ ድንችና «ኒፕስ» የሚሉት ቢጫ ሥር ይቀመጣል። ሥሩ ጣፈጥ ስለሚል የሀጊሱን ቅመም ያበርደዋል። ሦስቱን አንድ ላይ ጉረሱ፤ ሀጊሱን ለብቻው በልቶ «ደረቀብኝ» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ጣል አድርጉበት። በጣም ይስማማዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩት ከሆነ ሙሉ ሳህን አትዘዙ። የሆቴል ቁርስ ላይ በቁራጭ ይቀርባል፤ ከእንቁላል ጋር ቅመሱት። ሙስሊም ለሆናችሁ፣ ግላስጎ ውስጥ ሐላል ሀጊስ የሚሸጡ ሥጋ ቤቶች አሉ። ለጾመኛም መላ አለው። ማክስዊን የተባለው የኤድንብራ ሀጊስ ሠሪ ከ1984 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው) ያለ ሥጋ የተሠራ ሀጊስ ለገበያ ያቀርባል፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ካሮትና አጃ ያለበት ነው። አሁን በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል። ምግብ ቤት ስታዙት ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ አጠገቡ ያለው የተፈጨ ድንች ቅቤና ወተት አለው፣ ከላይ የሚፈሰው ስጎም ክሬምና ውስኪ ነው። «ድንቹን ያለ ቅቤ፣ ስጎውን ተዉት» በሉ።

የምትኖሩት ወይም የምትማሩት እዚሁ ከሆነ ጃንዋሪ 25 ላይ የበርንስ እራት ትጠራላችሁ። ገጣሚው ሮበርት በርንስ በ1759 የተወለደበት ቀን ነው፤ በእኛ ጥር 17 መሆኑ ነው። ሀጊሱ ባግፓይፕ በሚሉት የትንፋሽ መሣሪያ ታጅቦ ይገባል። ሁሉም ሰው ቆሞ ይቀበለዋል። አንዱ በርንስ ለሀጊስ የጻፈውን ግጥም በቃሉ ይላል፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቢላውን ብድግ አድርጎ ሀጊሱን ይሰነጥቀዋል፣ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል። ግጥሙ ካልገባችሁ አትጨነቁ፤ የድሮ ስኮትኛ ስለሆነ እንግሊዞቹም አይገባቸውም። ብርጭቆ ሲነሳ ውሃ ወይም ለስላሳ ብታነሱ ማንም ቅር አይለውም። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ አስቀድማችሁ ለጠራችሁ ሰው ንገሩት፤ ያለ ሥጋ የሆነውን ያዘጋጅላችኋል። ማዕዱ ላይ ሰው ስለ ጥሬ ሥጋ ሲጠይቃችሁ ደግሞ የራሳቸውን ሰው ጥሩላቸው፤ ጄምስ ብሩስን። ስተርሊንግሻየር ያለችው የኪናርድ ባላባት ነበር። በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ አገሩ ተመልሶ ሲያወራ ለንደኖች ውሸታም አሉት። ይህን ስነግራቸው ወሬው እስከ እኩለ ሌሊት ይደራል።

አሁን ወደምትጠነቀቁበት ልምጣ። አበሻ ብዙ ጊዜ የሚታለለው በምስር ሾርባ ነው። ካፌ ትገባላችሁ፣ ዝናብ መትቷችኋል፣ ሰሌዳው ላይ «የምስር ሾርባ» የሚል ታያላችሁ፤ ቀዩ ምስራችን ነው፣ ካሮት አለው፣ ከዳቦ ጋር ይመጣል። ጾመኛውም ሙስሊሙም ደስ ብሎት ያዛል። በስኮትላንድ ደንብ ግን የምስር ሾርባ የሚሠራው በአሳማ እግር መረቅ ነው። ሥጋው ወጥቶ ሾርባው ብቻ ሲቀርብ በዓይን አይታወቅም። «ሾርባው በምን መረቅ ነው የተሠራው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ማንኪያ አታንሱ። በአትክልት ብቻ የሚሠሩ ካፌዎች በብዛት አሉ፤ ሲገኝ ደግሞ ከሁሉ የረከሰና የሚያጠግብ ምሳ እሱ ነው።

ቁርስ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ቁራጭ ብላክ ፑዲንግ ይባላል። ደም ነው፤ ከአጃና ከስብ ጋር የተሠራ። በሉዊስ ደሴት ያለችው የስቶርኖዌይ ከተማ በእሱ ትታወቃለች። ደም በሃይማኖታችን ስለማይበላ «ለእኔ አታድርጉልኝ» ማለት ይበቃል። አራት ማዕዘኑ ቋሊማ አንዳንዴ የበሬ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ከአሳማ ጋር ይቀላቀላል፤ ጠይቁ። ስኮች ፓይ የሚባለው ክብ ኬክ መሰል ነገር ውስጡ የበግ ሥጋ ነው፣ ሊጡ ግን በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል። የዓሣና ድንች ጥብስ የሚሸጡ ቤቶችም አንዳንዶቹ የሚጠብሱት በከብት ስብ ነው። ለጾመኛ ድንች ብቻ መግዛት መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው። እዚያ ቤት «ሰፐር» ካላችሁ ከድንች ጋር ማለት ነው። ኤድንብራ ላይ ጨውና ቡናማ ስጎ ያደርጉላችኋል፣ ግላስጎ ላይ ጨውና ኮምጣጤ። ሁለቱ ከተሞች በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔ ከግላስጎ ጋር ነኝ።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ግን ዓሣውን ነው የምላችሁ። ወደ ምሥራቅ ባሕር ዳርቻ መንገድ ካላችሁ አርብሮዝ ውረዱ። ወደቡ አካባቢ ሃዶክ የሚባለውን ዓሣ ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ ጨው ነስንሰው፣ ሁለት ሁለቱን ጅራታቸውን በገመድ አስረው በዱላ ላይ ይሰቅሏቸዋል። በርሜል መሰል ጉድጓድ ውስጥ የጠንካራ እንጨት እሳት ይነዳል። በላዩ እርጥብ ጆንያ ይጣልበታል፤ ሙቀቱና ጭሱ እንዳይወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወጣ ቆዳው እንደ መዳብ ቀልቷል። ትኩሱን በወረቀት ስጡኝ በሉ። ሆዱን ከፍታችሁ፣ በአውራ ጣት አጥንቱን ዳር ዳሩን ጫን ጫን ካደረጋችሁት፣ የጀርባ አጥንቱ በሙሉ አንድ ላይ ይነሳል። ቀሪውን በእጅ ነው። ሹካ አያስፈልግም፣ ቅመም አያስፈልግም። አርብሮዝ ስሞኪ የሚለውን ስም ከ2004 ጀምሮ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ከአርብሮዝ 8 ኪሎ ሜትር ክልል ውጭ የተሠራ በዚህ ስም አይሸጥም።

ከለን ስኪንክ የሚባለው ሾርባም ከዚያው ባሕር ነው፤ ጭስ የጠጣ ሃዶክ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ወተት። ወፍራም ነው፣ ብቻውን እራት ይሆናል። በጾም አይሆንም እንጂ ብርድ ላይ የሚተካከለው አላገኘሁም። ምዕራብ ዳርቻ ኦባን የሄደ ሰው ደግሞ ሙስል የሚሉት ባለ ዛጎልና ላንጎስቲን የሚሉት ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ ይቀርብለታል፤ እነዚህን የሚበላ ሰው ትኩሱን ያገኛል።

ጠዋት ፖሪጅ ብሉ። አጃ ነው፤ እኛ ለአራስ አጥሚት የምናደርገው እህል። የድሮ ሰዎች የሚሠሩት በውሃና በጨው ብቻ ስለሆነ ለጾም የተመቸ ነው። ሆቴሎች ግን በወተት ስለሚሠሩት ማታ ላይ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ወደ ውስኪው እንምጣ። አገራችን ሠርግም ምርቃትም ያለ ብላክ ሌብል አይደምቅም። ያ ጠርሙስ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጆን ዎከር በ1820 ኪልማርኖክ ከተማ ውስጥ ግሮሰሪ ከፈተ። ብላክ ሌብል ቅልቅል ውስኪ ነው፤ ከብዙ ውስኪ ማውጫ ቤቶች የወጣ የብቅልና የእህል ውስኪ ተደባልቆ። «12 ዓመት» የሚለው በውስጡ ካለው ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ኖሯል ማለት ነው። እዚህ ድረስ መጥታችሁ እሱኑ ከምትደግሙ ሲንግል ሞልት ቅመሱ። ከአንድ ቤት፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚወጣ ነው።

የውስኪ ማውጫ ቤት ጎብኙ። ጠላ ሲጠመቅ፣ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ከአስጎብኚው ቀድሞ ይገባዋል። ብቅሉ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ይታሻል፣ እርሾ ገብቶበት ይፈላል፣ ከዚያ በትልልቅ የመዳብ ጋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በኦክ በርሜል ውስጥ፣ እዚያው ስኮትላንድ፣ ቢያንስ 3 ዓመት ካልቆየ በሕግ ስኮች አይባልም። በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ የሚሆነው ተንኖ ይጠፋል፤ እነሱ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። በ1494 የንጉሡ የሒሳብ መዝገብ ላይ ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ የመጠጥ መሥሪያ ብቅል እንደተሰጠው ተጽፏል። 

ለጀማሪ ከስፔይሳይድ አካባቢ የሚወጡት ይሻላሉ፤ ለስለስ ያሉ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሉ ናቸው። አይላ ደሴት ላይ የሚወጡት እንደ ላፍሮይግና አርድቤግ ያሉት ጭስ ይሸታሉ፤ ብቅሉ የሚደርቀው ፒት በሚባል ከረግረግ ተቆፍሮ በደረቀ ማገዶ ስለሆነ ነው። ቤቱን በወይራ ያጠነች እናት ያሳደገችው ሰው ይህን ጭስ ቶሎ ይለምደዋል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፤ ሽታው ይከፈታል። ኮካ አታድርጉበት፤ ለዚያ ለዚያ ርካሹ ይበቃል። እንደ ቢራ አይጨለጥም፤ አንድ መለኪያ 25 ወይም 35 ሚሊ ሊትር ናት፣ ቀስ ተብሎ ይጠጣል። ብርጭቆ ሲነሳ «ስላንጅ ቫ» ይባላል።

መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህን አስምሩበት። የስኮትላንድ ሕግ ከእንግሊዝ ይጠብቃል። በ2014 መጨረሻ ላይ ለሹፌር የሚፈቀደው መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ወደ 50 ሚሊ ግራም አልኮል ወርዷል፤ እንግሊዝ 80 ነው። «ለንደን ላይ ምንም አይለኝም» ያለ ሰው እዚህ መንጃ ፈቃዱን ያጣል። የሚነዳው ሰው አይቅመስ። ብዙ ማውጫ ቤቶች ለሹፌር ድርሻውን በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ይሰጡታል፤ ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ አልኮል የሚሸጠው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ መሆኑንም እወቁ።

የማይጠጣ ሰው አይርንብሩ ይጠጣ። ከ1901 ጀምሮ የሚሠራ ብርቱካናማ ለስላሳ ነው፤ ጣዕሙን ለመናገር ይቸግራል፣ እዚህ ያሉ ልጆቻችን ግን ከኮካ ይልቅ እሱን ነው የሚጠይቁት። አልኮል የማትነኩ ክራናካን የሚባለውን ጣፋጭ ስታዩ ተጠንቀቁ። ክሬም፣ የተቆላ አጃ፣ ማርና ራስበሪ ነው፣ ግን ውስኪ ይገባበታል።

ገጠር ስትወጡ አትዘግዩ። ብዙ ፐቦች (መጠጥ ቤቶች) ወጥ ቤታቸውን ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ መጠጡ እያለ ምግቡ ያልቃል። ፐብ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከጠየቃችሁ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ ጥሩ ውሃም ነው። የታሸገ አትግዙ።

ስትመለሱ ለምትይዙት ነገር አገራችሁን እዩ። አሜሪካ የምትኖሩ ሀጊስ አትያዙ፤ የእንስሳ ሳንባ ለሰው ምግብ እንዳይሆን ከ1971 ጀምሮ ከልክለዋል፣ ጉምሩክ ላይ ይጣልባችኋል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁም ከብሪታንያ ሥጋና አይብ ይዛችሁ መግባት አትችሉም። ወደ ሳዑዲ ወይም ኩዌት የሚመለስ ሰው ጠርሙስ በሻንጣው እንዳይገኝ። ሾርትብሬድ ብስኩት ግን ብዙ ቦታ ያለ ችግር ያልፋል፣ ይቆያል። ሲሶው ያህል ቅቤ ስለሆነ ለእናቶች የምትሰጡት የፍስክ ቀን አይታችሁ ይሁን።