የጠፋ ታርጋ ኮፒ አታሰራ፤ እኔ አሰርቼ ጣቢያ አድሬያለሁ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «የኋላ ታርጋዬ ወድቆ ጠፋ፤ ምትኩ እስኪወጣ ኮፒ አሰርቼ ብነዳ ችግር አለው? ትራፊክ ቢያስቆመኝስ ሕገ መንግሥቱ ምን መብት ይሰጠኛል?» ነው ያልከው። ከሥር «ችግር የለውም፣ ሁሉም ያሰራል» ያሉህ ሁለት ልጆች አሉ። እነሱ ጣቢያ አላደሩም። እኔ አድሬያለሁ፤ ቢረዝምም ታገሰኝ።

መኪናህ ምን እንደሆነች አልነገርከንም፤ መቼም ኮድ 3 (የንግድ) አይሱዙ ትሆናለች። የጅማ ገጠር መንገድ ብሎን የሚፈታው የጭነት መኪና ላይ ነው።

1. ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ሄደህ አስመዝግብ። የት አካባቢና መቼ እንደጠፋ አስጽፈህ፣ ማህተም አስመትተህ ወረቀቱን ተቀበል። የፊቱ አለኝ ብለህ አትዘናጋ። አዋጅ 681/2002 መኪና ከፊትም ከኋላም ታርጋ ይኑራት ነው የሚለው። እኔ የኋላ ታርጋዬ ሲጠፋ ይህንን የማመልከቻ ሥራ ለሰኞ ብዬ አሳደርኩት፤ ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ፤ ያ ሌላ ሥራ እስከ ሐሙስ ወሰደኝ።

2. ምትክ ታርጋ ልትጠይቅ ቢሮ ስትሄድ ቀኑን ሙሉ ለሱ መድበህ ሂድ። እኔ ሐሙስ የሄድኩበት ቢሮ (ስሙን ተወው) መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሲስተም የለም» አለችኝ። መቼ ይመጣል ስላት «ሲመጣ»። ጠዋት 2 ሰዓት የተሰለፍኩ ሰውዬ 6 ሰዓት ላይ መስኮቱ ተዘጋብኝ። ከኋላዬ የቆሙት አንዲት እናት ባጃጅ ለሚነዳ ልጃቸው ወረቀት ሊያወጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ንዴቴ እዚያ ጀመረ፤ ጥፋቴም ከንዴቴ ነው የመጣው።

3. ኮፒ አታሰራ። የእኔ ሲጠፋ ወሩ ህዳር ነበር፣ ቡና ደርሷል። እሸት ቡና እንደ ጨው አይቆይልህም፤ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይቦካል። ማና ወረዳ ውስጥ ገበሬው ለቅሞ መንገድ ዳር ከምሮ ይጠብቀኛል፣ እኔ ታርጋ የለኝም። ማስታወቂያ የሚጽፍ አንድ ልጅ ነበር፤ 600 ብር ከፍዬው ማታ 12 ሰዓት ላይ ከእውነተኛው የማይለይ ነገር አወጣልኝ። ኮድ 3፣ ኦሮ፣ ቁጥሩ፣ አረንጓዴው ሁሉ ልክ ነው። እንዲያውም ካረጀው ከፊቱ በላይ ያምር ነበር። ያ ነው ያስበላኝ።

በማግስቱ እሸቱን ጭኜ ከየቡ ከተማ ወዲህ ስመጣ ትራፊኩ አስቆመኝ። ሰላምታ ሰጠኝ፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጠየቀኝ፤ ሁሉም ነበረኝ። ቦሎዬም ያልተቃጠለ ነው። ሊሸኘኝ ሲል ወደ ኋላ ዞረ። ጎንበስ ብሎ «3»ቷን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈገፈጋት። ቀና ሲል ጥፍሩ አረንጓዴ ሆኗል። ጣቱን አሳየኝ፤ ምንም አላለኝም።

እዚህ ጋ ዝም ብል ኖሮ! እኔ ደግሞ ትንሽ አንብቤያለሁ፤ መኪናው መውጫ ላይ ቆሜ «አንቀጽ 26! ንብረቴን ያለ ማዘዣ መንካት አትችልም!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቴ አንገቱን ደፋ። ትራፊኩ ረጋ ብሎ «ጋሼ፣ ታርጋ እኮ ሰው እንዲያየው ነው የሚሰቀለው» አለኝ። እውነቱን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤትህን፣ ሰውነትህን፣ ንብረትህን ከሕግ ውጪ ከመፈተሽ ይጠብቃል፤ ጭነትህን ወይ ስልክህን ልበርብር ቢልህ በምን ሕግ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። ታርጋና መንጃ ፈቃድ ግን ስትጠየቅ ታሳያለህ፣ አለቀ። መጠየቅም ሲኖርብህ ቀስ ብለህ፤ ስሙንና ማዕረጉን ጠይቀህ፤ ሰዓቱን ጽፈህ።

ጩኸቱ ሳያንሰኝ ቀጠልኩ፦ «አዎ እኔ ነኝ ያሰራሁት፣ 600 ብር ከፍዬ፣ ቢሮው ስላንገላታኝ!» በዚህች አፌ ነው ነገሩ ከትራፊክ ቅጣት ወደ ሐሰተኛ ሰነድ የሄደው።

4. ሕገ መንግሥቱ የሚጠቅምህ ጣቢያ ስትገባ ነው። አንቀጽ 19ን ከመሄድህ በፊት አንብበው። ለምን እንደተያዝክ በሚገባህ ቋንቋ ወዲያው ሊነግሩህ ይገባል። አለመናገር መብትህ ነው፤ የምትናገረው በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ እንደሚችልም ይነገርሃል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ለእኔ ነገረኝ፣ አልዋሽም፤ መርማሪው ልጅ ጨዋ ነበር። «መናገር አትገደድም» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «የምደብቀው የለኝም!» አልኩት። ሦስት ገጽ ቃል ሰጠሁ።

ዋናው ስህተቴ ይኸውልህ፦ ቃሌ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና ተገቢ ነው። እኔ ጅማ ተወልጄ አድጌ ኦሮምኛውን ገበያ ላይ አቀላጥፈዋለሁ፤ በቁቤ (በላቲን ፊደል) የተጻፈ ግን አንብብ ብትለኝ ፊደል እቆጥራለሁ። «ታነበዋለህ?» ሲለኝ አፍሬ አዎ አልኩና ፈረምኩ። ጠበቃዬ በኋላ ሲያነብልኝ «አሰራሁ» ያልኩት «ሰራሁ» ሆኗል። በአማርኛ አንዲት «አ» ናት። ያቺ «አ» ጎድላ እኔ ታርጋ የምሠራ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ። አይነበብልኝም ወይ፣ በአማርኛ ይተርጎምልኝ ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር። አንተ ግን ሃምሳ ጊዜ ብታፍርም፣ ሳይነበብልህ እንዳትፈርም!

አደርኩ። ጠዋት ሚስቴ በሳህን ፍርፍር ይዛ መጣች፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ ሊጠይቅህ እንዲችል አንቀጽ 21 ይላል፤ በር ላይ የነበረው ዘበኛ «ነገ» ሲላት የጠበቃዬ ስልክ ነው ያስገባት። ከፍርድ ቤት በዋስ ወጣሁ። ስወጣ መኪናዬ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ሸራውን ሳልገልጥ ሸተተኝ። ከሥሯ ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ዝንብ ወርሯታል። እሸቱ የሰው ነው፤ ለገበሬዎቹ ከኪሴ ከፍያለሁ፣ አንዳቸውንም አላስቀየምኩም፣ በዚህ እኮራለሁ።

5 ይሁን 6፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። መኪናዋ 11 ቀን ቆመች። ማስታወቂያ የሚጽፈውን ልጅ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ እንዲመሰክር ለማሳመን ሳምንት ለመንኩ። ልጁ ፈራ፣ አልፈርድበትም፤ ኋላ ከአባቱ ጋር መጣ። ጉዳዩ በገንዘብ ቅጣት አለቀ። የጠበቃ፣ የቡናው፣ የቆመችበት ቀን ሲደመር ምን ያህል እንደወጣብኝ ለሚስቴም አልነገርኳት፣ እዚህም አልጽፈውም። ምትክ ታርጋው ደግሞ በመጨረሻ ስጠይቅ በአራት ቀን ወጣ። አራት ቀን!

እና ለጥያቄህ፦ መኪናዋን አቁማት። ሥራ ካስቸገረህ የሌላ ሰው መኪና ተከራይ፣ ኪሳራውን ቻል። ትራፊኩ መንገድ ላይ ቢቀጣህ ወረቀቱን ተቀበል፣ ምን ብሎ እንደጻፈ እዚያው ቆመህ አንብብ፣ ካልተስማማህ በጽሑፍ አቤት በል። ከፖሊስ የምታወጣውን ማስረጃ ሁለት ፎቶ ኮፒ አድርግ። ዋናውን ግን ላሚኔት እንዳታስደርገው፤ እኔ እንዳይረጥብ ብዬ አስደርጌው «ማህተሙን በእጃችን ካልነካነው አናምንም» ብለው መልሰውኛል።