የሌስተሩ ቪቻይ ማን ነበሩ?

ወንድሜ፣ «የሌስተሩ ቪቻይ ብሩን ከየት አመጡት? ደጋፊውስ ለምን እንዲህ ወደዳቸው?» ብለህ ጠይቀሃል።

ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ታይላንዳዊ ነጋዴና የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ የሌስተር ሲቲ ባለቤት ነበሩ። ሀብታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከመሠረቱት ኪንግ ፓወር ኩባንያ የመጣ ነው። ሱቆቹ ኤርፖርት ውስጥ ሽቶና ውስኪ ያለ ቀረጥ የሚሸጡት ዓይነት ሱቆች ናቸው።

ሌስተርን በ2010 ሲገዙት ክለቡ በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ፣ ፕሪሚየር ሊግ፣ ውስጥ አልነበረም። በኋላ ለክለቡ ያበደሩትን ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወደ አክሲዮን ቀየሩት። ዕዳው ከክለቡ ትከሻ ወረደ ማለት ነው። ለእኔ በኋላ ከመጣው የሊግ ዋንጫም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ስንቱ ባለቤት ክለቡን በዕዳ አንቆ ይዞታል! ከዚያ በ2016፣ አቋማሪዎች የማሸነፍ ዕድሉን 5000 ለ1 ብለው የገመቱት ቡድን ሊጉን በላ።

በልደታቸው ሰሞን ስታዲየም ለገባ ሁሉ ቢራና ኬክ በነፃ ያድሉ ነበር። ለከተማው የሕፃናት ሆስፒታልም 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥተዋል።

ኦክቶበር 27 ቀን 2018፣ ከዌስትሃም ጨዋታ በኋላ ሄሊኮፕተራቸው ከሜዳው መሃል ተነስታ ስታዲየሙ አጠገብ ወደቀች። ውስጧ የነበሩት አምስቱም አለፉ። በ2021 ሌስተር ቼልሲን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕ ሲያነሳ፣ በረኛው ካስፐር ሽማይክል ልጃቸውን አያዋትን ወደ ሜዳ አስገባው። እንባዬ መጣ።