ኮርኒሷ ላይ ጉጉት ለፈለፈለችባት እህት

እህቴ፣ «አዘዞ ባለው የእናቴ ቤት ኮርኒስ ላይ ጉጉት ፈልፍላለች፤ ደቃቅ ጥቁር ተባይ አልጋ ላይ ይረግፋል። ፍሊት ልንፋ ወይስ ጎጆዋን ላፍርስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጎንደር ውስጥ ቆርቆሮና ኮርኒስ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ጉጉት የገባችበት ጣሪያ ብርቄ አይደለም። መልሴ፦ ሁለቱም አሁን አይሆኑም።

ጉጉት እንደሌላው ወፍ ጭራሮ ሰብስባ ጎጆ አትሠራም። ቤት ውስጥ የምትገባዋ ነጭ ፊቷ እንቁላል የምትጥለው ራሷ በተፋችው የአይጥ ፀጉርና አጥንት ላይ ነው። ተባዩም፣ ቁንጫም ሆነ ደም መጣጭ ዝንብ፣ የሚራባው እዚያው ነው። የቁንጫውም የዝንቡም እጭ ጉድፉን እየበላ ያድጋል፤ ደም የሚመጠው ካደገ በኋላ ነው። የጫጩቷን ክንፍ ገለጥ ስታደርጊ ብብቷ ሥር፣ ላባ ያልሸፈነው ቆዳ ላይ፣ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስላል። ጠጋ ብለሽ ስታይው ይሄዳል! አውሮፓ ውስጥ በጉጉት ጎጆ በደንብ የተጠናች 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ዝንብ አለች። ጫጩት ካገኘች ክንፏን ትጥላለች፤ ከዚያ ወዲያ መብረር የለም። ጫጩቷ ላባ ስታወጣ ደግሞ ጥላት ወደ ታናሿ ትሄዳለች። የጉጉት ጫጩቶች በአንድ ቀን ስለማይፈለፈሉ ታናሽ አይጠፋም።

አሁን ፍሊት ብትነፊ ጫጩቶቹ ሊሞቱ፣ ኮርኒሱም ሊሸት ይችላል፣ የተረፈው ቁንጫ ደግሞ ደም ፍለጋ ወደ እናንተ ይወርዳል። ጫጩት በ2 ወር ገደማ ትበራለች፤ ታገሺ። እናትሽ «ሟርት ነው» ካሉ፣ አይጡን ማን እየጨረሰላቸው እንደሆነ ንገሪያቸው። በነገራችን ላይ የአይጥ መርዝ እንዳታስቀምጡ፤ መርዝ የበላ አይጥ ጉጉቷንም ሊገድል ይችላል።

እስከዚያ አልጋውን ከሥሩ አንሱት። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከሆነ ስፌቱ ይከፈታልና ከሥር ላስቲክ ወጥሩበት። ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ጉድፉን ውኃ አርከፍክፈሽ ጠርጊው። ደረቁን ከጠረግሽው አቧራው አያስተነፍስም። ጠራርገሽ ካላወጣሽው ሙሽሬው (እጩ ወደ ዝንብ ወይም ቁንጫ ከመለወጡ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) እዚያው ቆይቶ በሚቀጥለው ዙር ይፈለፈላል። ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ የምትዘጊው ማታ፣ እናትየው ለአደን ስትወጣ ነው።

አንድ ነገር፣ የወፍ ቁንጫ ሰው ቢነክስም ሰው ላይ አይሰነብትም። ማሳከኩ ካልተወሽ የፍራሹን ስፌት ፈትሺ። ትኋን ካገኘሽ ጉጉቷን ተያትና ፍራሹን አስታክሚ።