ደብዳቤው ቀደመ እንጂ ቀኑ አልቀደመም

እህታችን፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ እዚህ አሜሪካ ለኮሌጆች በመደበኛው ጊዜ ጃንዋሪ 1 አመልክቶ መልሱን የሚጠብቀው በማርች መጨረሻ ነበር፤ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ግን አንድ ኮሌጅ «ተቀብለንሃል» ብሎ ጻፈለት። እውነት ይሁን ማጭበርበሪያ አላወቁም። 500 ዶላር ቀብድ ተጠይቋል፤ አባቱ ኮሌጁ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ እንክፈል ይላሉ። ልጁ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተር መግለጥ ትቷል። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ እልልታቸውን ነው የላኩልዎት። እልልታው ይገባል፤ እኔ ግን ይኸው ነገር በ2024 በቤቴ ስለደረሰ ትንሽ ላስረዝም።

እኔ ማታ የምሠራ ሰው ነኝ። ጠዋት ስገባ የፖስታ ሳጥኑን አራግፌ ወረቀቱን ሁሉ ማይክሮዌቩ ላይ እቆልላለሁ። የልጄ ደብዳቤ እዚያ አራት ቀን ተቀምጧል። ስስ ስለነበር የጥርስ ኢንሹራንስ መስሎኝ ነበር። ለካ በኢሜይልም ደርሷታል፤ ያላመለከተችባቸው ኮሌጆች ለወራት «ነዪ፣ ነዪ» እያሉ አሰልችተዋት ስለነበር እሱንም ከማስታወቂያ ቆጥራ አልከፈተችውም። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል ቁልሉ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጄ ልታነሣ ጎንበስ ባለችበት ቀረች።

እውነትነቱን ለማረጋገጥ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ እንዳይነኩ። ልጅዎ ሲያመለክት በከፈተው የኮሌጁ የአመልካቾች ድረ ገጽ (ፖርታል) ራሱ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጽፎ ይግባ። ደብዳቤው እዚያ ካለ እውነት ነው። ከሌለ በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ለኮሌጁ የቅበላ ክፍል ይደውሉ። አንድ ነገር ብቻ ያጣሩ፦ ኮሌጁ ልጅዎ በእርግጥ ያመለከተበት ነው? አሁን ዳይሬክት አድሚሽን የሚባል አሠራር አለ፤ ተማሪው ሳያመለክት በውጤቱ ብቻ «ቦታ አለህ» ይሉታል። እሱም እውነተኛ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን ቀደመ ላሉት፣ አንዳንድ ኮሌጆች ማመልከቻው እንደተሟላ በየተራው እያዩ ስለሚመልሱ መቅደሙ ምንም ምሥጢር የለውም። ሌሎች ግን ሆን ብለው ያስቀድማሉ። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የአይቪ ሊግ 8ቱ ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ መልሳቸውን በማርች መጨረሻ በአንድ ምሽት ነው የሚለቁት። ለስፖርተኞችና በጣም ለሚፈልጓቸው ተማሪዎች ግን ከዚያ አስቀድመው ላይክሊ ሌተር ይልካሉ፤ «ውጤትህ ካልወረደ፣ ጠባይህም ካልተበላሸ፣ ተቀባይነትህ የማይቀር ነው» እንደማለት ነው። ትንንሽ ኮሌጆችም በፌብሩዋሪ እንዲሁ ያደርጋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ በኤፕሪል አምስት ስድስት ደብዳቤ ይዞ እንደሚያማርጥ ያውቃሉ። እኔ ለባለቤቴ ያስረዳሁት በአገራችን ወግ ነው፦ ልጅቷን ሌላው ሳይጠይቃት ሽማግሌ ልከዋል። ሽማግሌ ቀድሞ መጣ ተብሎ ደግሞ በዚያው ቀን «ሰጥተናል» የሚል ቤተሰብ የለም። «እንመክርበታለን፣ ቀን ቆርጠን እንነግራችኋለን» ነው የሚባለው። የተላከው ሽማግሌ አይቀየምም፤ ወጉን ያውቃል።

ስለዚህ መቀበሉ ልጅዎን አያስረውም። የሚያስረው ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ብቻ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር መጀመሪያ የሚገባ ሲሆን ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ፈርመው «ከተቀበላችሁን ሌላውን ሁሉ እናነሣለን» ብለው ቃል የሚገቡበት ነው። በጃንዋሪ የሚገባ ሁለተኛ ዙርም ስላለውና መልሱ የሚመጣው በዚሁ በፌብሩዋሪ ስለሆነ ልጅዎ ያመለከተው በየትኛው እንደሆነ ከማመልከቻው ላይ ይዩ። ያንን ካልፈረሙ ሌሎቹን ማመልከቻዎች ማንሣት የለበትም። የመልስ መስጫው ቀን በልማድ ሜይ 1 ነው፤ ደብዳቤው በፌብሩዋሪ መጣ ተብሎ ወደዚህ አይሳብም። በደብዳቤው ላይ ሌላ ቀን ካለ ከነምክንያቱ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የዶርም ምርጫ ወይም የልዩ ስኮላርሺፕ ቀን ሆኖ ይገኛል።

እኛን የሚያጣድፈን ሌላ ይመስለኛል። እኛ ያደግነው «ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ» እያልን ነው። ማትሪክ ተፈትነን፣ ውጤት ወጥቶ፣ ምደባው ጅማ ወይም መቀሌ ሲለን ሻንጣ ማሰር ነበር። ባለቤቴም ደብዳቤውን እንዳነበበ የጠየቀው «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትገባው?» ብሎ ነበር። መራጮቹ እኛ እንደሆንን ለራሴም እስኪገባኝ ሳምንት ፈጀብኝ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተናግሬ ስለነበር ሐሳቤን መለወጥ አፈርኩ። እርስዎ እስካሁን ካልተናገሩ ለአያቶቹ ብቻ ይንገሩና ይቆዩ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ገንዘቡ። በእጅዎ ያለው የመቀበያ ደብዳቤ ነው ወይስ የእርዳታው ዝርዝርም አብሮ መጥቷል? የእኛ ባዶውን ነበር የመጣው። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ የእርዳታ ቅጽ ፋፍሳ እንደወትሮው በኦክቶበር 1 ሳይከፈት ቀርቶ በዲሴምበር መጨረሻ ነበር የተከፈተው። መረጃው ኮሌጆች እጅ መግባት የጀመረው በማርች ስለነበር ብዙዎቹ የሜይ 1ን ቀን ራሳቸው አራዝመዋል። ልጄን የተቀበላት ኮሌጅ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን፣ አንዳንድ ኮሌጆች የሚያስሞሉትን ሌላውን የእርዳታ ቅጽ ተመልክቶ በግምት የሠራውን ዝርዝር በማርች መጀመሪያ ላከልን። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 79,000 ዶላር፣ የማይመለስ እርዳታ 51,000፣ የልጅቷ የፌዴራል ብድር 5,500፣ በግቢው ውስጥ ሠርታ የምታገኘው 2,500። ከእኛ ኪስ 20,000። እኔና ባለቤቴ ደብዳቤውን አጥፈን ሻይ ጠጣን። ምን ይባላል?

ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርን። ቅጹን በሞላሁበት ሳምንት እቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ሃያ ሰዎች ነን፣ በወር 800 ዶላር እንጥላለን፤ በአራተኛው ዙር ደረሰኝና 16,000 ዶላር ባንክ ገባ። ቅጹ የሚጠይቀው በዚያን ቀን በባንክ ያለውን ነው፤ እኔም እንዳለ ጻፍኩት። ገና አሥራ ስድስት ዙር፣ ማለትም 12,800 ዶላር እንደሚቀረኝ የምጽፍበት ቦታ አልነበረም። በፋፍሳ ቀመር የወላጅ ቁጠባ እስከ 5.64 በመቶ ስለሚቆጠር ከ16,000ው ላይ ወደ 900 ዶላር ያህል ቢሆን ነው። ለእኛ ግን እሱም ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ ደሴ ላሉት እናቴና ለታመመው ወንድሜ በየወሩ የምልከውን የትም አልጻፍኩትም። ለቤተሰብ መላክ ደረሰኝ የሚያሻው ነገር መስሎ አልታየኝም ነበር።

ለእርዳታ ክፍሉ ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ጨዋ ነበረች። እቁቡን ስነግራት «ባንክ ነው?» አለች። አይደለም። «ታዲያ ውሉ የት አለ?» ውል የለውም፣ ዳኛ አለው። ዝም አለች። ዳኛ ስል ፍርድ ቤት እንደመሰላት ቆይቶ ነው የገባኝ። በመጨረሻ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊው ፈርመው፣ የሃያውን ሰው ተራ በሰንጠረዥ አድርገው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉልኝ። የአሥራ ሁለት ወር የሐዋላ ደረሰኝ ጨመርኩበት፤ የወንድሜን የሕክምና ወረቀትም አስተርጉሜ አያያዝኩ። ሁሉም ኮሌጅ ይህንን ይቆጥራል ማለቴ አይደለም፤ የእኛው ግን የተወሰነውን ቆጠረ።

በማርች መጨረሻ ደግሞ ከፔንሲልቬንያ ከሌላ ኮሌጅ መልስ መጣ፤ እርዳታው ከፊተኛው የተሻለ ነበር። ልጄ በራሷ ቃል አጭር ኢሜይል ጻፈች፦ «ምርጫዬ እናንተ ናችሁ፤ ቤተሰቤ ግን ይህንን ልዩነት መሸፈን አይችልም» ብላ የፔንሲልቬንያውን ዝርዝር አያያዘችበት። በአሥር ቀን ውስጥ የማይመለሰው እርዳታ ወደ 60,500 ከፍ አለ፤ ከእኛ የሚፈለገው 10,500 ሆነ። የገባችው እዚያው ቀድሞ የጻፈላት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ያው፣ መኝታ ቤቱ ያው፤ ዋጋው ግን በዓመት በ9,500 ዶላር ተለያየ። ቀብዱን በፌብሩዋሪ ብከፍል ኖሮ መጠየቅ አይከለክለኝም ነበር፤ ነገር ግን ቀብድ የከፈለ ገዢ ሲከራከር ማን ይሰማዋል? መርካቶ የገበየ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ቀብዱ እንግዲህ፦ ዝርዝሩ በጽሑፍ ሳይመጣ 500 ዶላር አይክፈሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። «ለማንኛውም» ብላችሁ ሁለት ቦታ እንዳትከፍሉም፤ ኮሌጆች እንደ ነውር ይቆጥሩታል፣ ከተደረሰበትም ቅበላውን ሊያሰርዝ ይችላል። ገንዘቡ ራሱ ከከበደ የቀብድ ምሕረት ወይም የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ ፋፍሳ ለሚሞሉ ቤተሰቦች የሚፈቅዱ አሉ። ዝርዝሩ ሲመጣ ደግሞ ብድርን ከስጦታ ይለዩ። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ተደምረው «ጠቅላላ እርዳታ» ተብለው ሲቀርቡ ያምራሉ። የወላጅ ብድርን እዚያው ውስጥ የሚከቱም አይጠፉም።

ልጅዎ ደብተር መግለጥ ስለተወው፣ ይህንን እርስዎ ከሚነግሩት የመቀበያ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያስነብቡት። ከፊርማው በላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ቅበላው የሚጸናው ዓመቱን በተመሳሳይ ውጤት ከጨረሰ ነው የምትል። በሰመር ትምህርት ቤቱ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ይልካል፣ ኮሌጁም ያየዋል። አንድ ሲ አያስወጣውም፤ ኤ የነበረው ሦስት ዲ ይዞ ቢመጣ ግን ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ቅበላው የተሻረበትም አለ። የእኔዋ ያቺን ዓረፍተ ነገር ካነበበች በኋላ ካልኩለስ ደብተሯን ከአልጋዋ ሥር አወጣችው።

አባቱን እኔ ላነጋግራቸው እችላለሁ፤ የእኔም ባለቤት ፈቃደኛ ነው፣ እሱም በፌብሩዋሪ ቼክ ደብተሩን ይዞ ተቀምጦ ስለነበር ይግባባሉ። የእርዳታው ዝርዝር ሲመጣ ስሙንና ቁጥሩን ሸፍነው ፎቶውን ይላኩልኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ አልሠራም።