ጣር ትንፋሽ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ በማስተምርበት የሙያ ማሠልጠኛ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ስለ ሞተር አነሣሥ እያስረዳሁ ነበር፤ እሷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ኮረንቲ የያዘውን ሰው ደረቱን ስጫነው የጎድን አጥንቱ ቢሰበርብኝስ?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ነገር ግን አፌን ከፍቼ ቃል አልወጣ አለኝ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግርሻለሁ» ብዬ ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይህን የጻፍኩት ለእሷና እንደ እሷ ፒንሳና ካቻቢቴ ለያዛችሁ ልጆቼ ሁሉ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ረዳቴ የ22 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ ማንጎራጎር የማይተው። እናቱ በአቅራቢያው ባለችው ከተማ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ። ምሳ ዕቃውን ሁልጊዜ ለሁለት ሰው በሚበቃ አድርገው ነበር የሚሞሉለት፤ «ለጋሼም ጭምር» ይሉታል። የሽሮው ጣዕም ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሐምሌ ነበር። ጣሪያው ያፈስሳል፤ በማከፋፈያው ፓናል ሥር ውኃ ቋጥሯል። ለኃላፊዎች ደጋግሜ ተናግሬ ሰሚ አላገኘሁም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ፊውዝ ላመጣ ወደ መጋዘን ሄድኩ። ስመለስ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ማንጎራጎሩ መቋረጡ ነው። እጁ ባለ 380 ቮልቱ መስመር ላይ ተጣብቋል። ሮጬ ዋናውን ብሬከር አወረድኩ። ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ሁሉ ትክክል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አላስተማረኝም።

በጀርባው ተንጋልሏል፤ ዓይኑ ተገልጧል። ደረቱ አንድ ጊዜ ከፍ አለና ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ። «ይተነፍሳል! ይተነፍሳል!» ብዬ ጮህኩ። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው ሁሉ የተከተለው እኔን ነው። ሠራተኛው ተሰበሰበ። አንዱ «አትንኩት፣ ኮረንቲው ገና ከሰውነቱ አልወጣም» ይላል። አንዱ በባልዲ ውኃ ደፋበት። አንዲት ሴት ወተት ፍለጋ ሮጠች። ጫማውን አወለቅን፣ ቀበቶውን ፈታን፣ «አየር ስጡት» እያልን ከበን ቆምን። ከዚያ ፒክአፕ መኪና ላይ ጭነን ወደ ጤና ጣቢያ በረርን። መንገዱ ጭቃ ስለ ነበር 35 ደቂቃ ፈጀብን። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ፊቱን በባርኔጣዬ አራግብለት ነበር። ከፋብሪካው በር ብዙም ሳንርቅ ያ ድምፅ ቆመ። «ዐረፍ አለ» አልኩት ለሹፌሩ። ሁለቱ እጆቼ ሥራ ፈትተው ነበር። ባርኔጣ ይዘው ነበር።

ማታ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «መንገድ ላይ ትንፋሽ ነበረው?» «ነበረው እማማ፤ ሲተነፍስ ነበር» አልኳቸው። ያን ጊዜ እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሙያውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ የሠለጠነ ሰው ነበር። ከመንካቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይፈትሻል። «ግራ እጅህን ኪስህ ክተት» ይለኝ ነበር፤ ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ለእርሱ ያለኝ ፍቅር እስከ ዛሬ አልቀነሰም። ራሴን ከሞት እንድጠብቅ አስተምሮኛል። ጓደኛዬ ሲወድቅ ምን እንደማደርግ ግን እርሱም አላወቀም፤ ያስተማሩትም አላወቁም ይሆናል።

በ1999 ዓ.ም. ሌላ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የሁለት ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኟ ነርስ የመለማመጃ አሻንጉሊቱን መሬት ላይ አስተኝታ፣ «ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንዲህ ሊያደርግ ይችላል» አለችና በጉሮሮዋ ድምፁን አሰማችን። ያው ድምፅ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። የውኃ ታንከሩን ተደግፌ ስቆም መጣችና «አመመዎት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ጥፋት የለብዎትም» አላለችኝም፤ ስላላለችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። «ይግቡና ይጫኑ» አለችኝ። ገባሁ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ተጫንኩ።

ልጆቼ፣ ቋንቋችን ለዚያ ድምፅ ስም አለው፤ ጣር። አያቶቻችን ሲሰሙት ትንፋሽ ነው ብለው አልተሳሳቱም፤ ሰውየው እያጣጣረ ነው አሉ እንጂ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እነርሱ ግን ጣር ሲሰሙ መጨረሻው ነው ብለው ለጸሎት ተቀመጡ። እናንተ ስትሰሙት መነሻው ይሁን። ሰውየው ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነና እንደ ወትሮው የማይተነፍስ ከሆነ፣ አልፎ አልፎ ቢያጣጥርም እንኳ፣ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ኃይሉን ሳታቋርጡ እንዳትነኩት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አልደግምም። ከተቋረጠ በኋላ ግን ሰውነት ኮረንቲ አያጠራቅምም፤ ያለ ፍርሃት ንኩት። የእርሱ ልብ በዚያች ሰዓት ከሦስቱ የኃይል መስመሮቹ አንዱ (ፌዝ) እንደ ጎደለበት ሞተር ነው፤ ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይዞርም። አንጎል ደም ሳያገኝ ከአራት ደቂቃ በላይ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጥቶ ምቱን የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተር፣ እስኪመጣ ድረስ ፓምፑ የእናንተ እጅ ነው። ጠንካራ መሬት ላይ አስተኝታችሁ፣ የደረቱን አጥንት የታችኛውን ግማሽ መሃል በመዳፋችሁ ሥር፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፤ ከዚያ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ልቀቁት። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ትንፋሽ መስጠት የተማረ በየ30ው ግፊት ሁለት ይስጥ፤ ያልተማረ ሳያቋርጥ ይጫን። ውኃ ውስጥ ለሰጠመ ሰውና ለሕፃን ግን ትንፋሹ እጅግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተማሩት። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ክንድ ሲዝል ጥልቀቱ እንደሚቀንስ ለራስ አይታወቅም። አቆጣጠሩን በተመለከተ የራሴን ልንገራችሁ። እስከ ሠላሳ ስቆጥር «ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» ላይ ምላሴ ይጎተትና እጄም አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ ከአንድ እስከ አሥር ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ።

ይህን ደረት የመጫን ዘዴ ያገኘው ሐኪም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዊልያም ካውንሆቨን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ በአሜሪካ ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ። ምርምሩን የደገፉት የመስመር ሠራተኞች በኮረንቲ እየሞቱባቸው የተቸገሩ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ጋይ ኒከርቦከር የተባለ ወጣት መሐንዲስ የዲፊብሪሌተሩን ከባድ ሳህኖች ውሻ ደረት ላይ ሲጫን የደም ግፊቱ ከፍ ሲል አየ። ከቀዶ ሐኪሙ ጄምስ ጁድ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ20 ታካሚዎች 14ቱ መትረፋቸውን ገለጹ፤ የሚያስፈልገው ሁለት እጅ ብቻ እንደ ሆነም ጻፉ። ለእኛ ሙያ ሰዎች ሲባል የተጀመረ ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቼ እንኳ አልሰማሁትም ነበር።

ስለ እናንተ ዘመን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው ሲወድቅ የመጀመሪያው እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ሊቀርጹ። በዓይኔ አይቼ ተቆጥቻለሁ። ያው ስልክ ግን ድምፁ ከፍ ተደርጎ መሬት ላይ ቢቀመጥ 907 ብሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጠራል፤ በ1988 እኔ ይህ አልነበረኝም። ደግሞም እኛ በእናንተ ዕድሜ ለአለቃ ጥያቄ ማቅረብ ድፍረት ነበር። ይህቺ ልጅ ጠየቀች። እኔ ያን ሽማግሌ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

እማማ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ለተዝካሩ ስሄድ ለእንግዳው «ጋሼ እኮ እስከ መጨረሻው ትንፋሹን ሲሰማ ነበር» ይሉ ነበር። ከ1999 በኋላ ይህን ስሰማ አቀርቅሬ ዝም እላለሁ። የልጁ ልብ ጤነኛ እንደ ነበረ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ የሠራ ልብ እንደ ነበረ፣ እንዲህ ያለው ልብ ቶሎ ከተጫኑት የመመለስ ዕድል እንዳለው ልነግራቸው ይገባኝ ነበር? አሁንም አልወሰንኩም።

ልጄ፣ ጥያቄሽን ልመልስ። አዎ፣ ሊሰበር ይችላል፤ ሲሰበርም ይሰማሻል። የእጅሽን ቦታ አስተካክለሽ ቀጥዪ፤ አጥንት ይገጥማል። ቅዳሜ ከትምህርቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነይ። አሻንጉሊት ተውሼ አምጥቻለሁ፤ ግፊቱ የሚገባውን ያህል ሲወርድ ቋ ይላል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ትጫኛለሽ፤ እኔ እቆጥርልሻለሁ።