ተውሳኩ ምንም አላሰበበትም
(ለባዮሎጂና ለጤና ተማሪዎች)

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው ቆላ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ወባ ስፈልግ ነው። ስለዚህ ስለ ዝግመተ ለውጥ ስጽፍላችሁ በዳይኖሰር አልጀምርም። በሉሲም አልጀምርም። እኔ በሥራዬ ላይ ሲለወጥ ያየሁት ወባን ነው።

ክፍል ውስጥ ይህ ርዕስ ሲነሳ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መምህሩ ገና ጠመኔውን ሳያነሳ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይስ አልመጣም?» የሚል ጭቅጭቅ ይጀመራል። ስሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳ የማናችንም አያት አይደለም። ሳይንሱ የሚለው እኛም እሱም በጣም ሩቅ ዘመን ላይ ከኖረ የጋራ ቅድመ አያት ወርደናል ነው። ይህን ተቀበሉ አልተቀበሉ ብዬ አልጨቀጭቃችሁም። የሚያናድደኝ ጭቅጭቁ ክፍለ ጊዜውን በልቶት፣ ልጆቹ የተፈጥሮ ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባቸው ደወል መደወሉ ነው።

አሠራሩ ደግሞ ከባድ አይደለም። የአንድ ዓይነት ፍጡራን እርስ በርስ ይለያያሉ። ከልዩነቱ ከፊሉ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ባሉበት ሁኔታ አንዱ ዓይነት ከሌላው የበለጠ ልጅ ይተዋል። እነዚህ ከተገናኙ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚገኘው ስብስብ የመጀመሪያውን አይመስልም። የተፈጥሮ ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ዳርዊንና አልፍሬድ ዋላስ ለየብቻቸው ደርሰውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን ውስጥ ጽሑፋቸው በአንድ ስብሰባ ተነበበ። ሁለቱም በቦታው አልነበሩም። ስለ ጂን፣ ማለትም ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርድበት የዲ ኤን ኤ ክፍል፣ የሚያውቁት ነገርም አልነበረም።

አሁን ወደ ወባ።

ፈጣን መመርመሪያዋን፣ አር ዲ ቲ የምንላትን፣ ያላያት ቆላ የኖረ ሰው የለም። ጣት ይወጋል፣ አንድ ጠብታ ደም ይደረጋል፣ ፈሳሿ ይጨመራል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። መመርመሪያዋ መሥራቷን የምታሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻ ከወጣች «ወባ የለም» ይባላል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትልቅ እፎይታ ነበረች። መብራት አትፈልግም። የደም ናሙና የሚቀለምበት ጊምሳ ቀለም አትፈልግም። እንደ እኔ ዓይኑ የደከመ ሰው አትፈልግም።

ግን መመርመሪያዋ ወባ አምጪውን ተውሳክ ራሱን አታይም። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ዓይነት የሚያመርተውን ኤች አር ፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው የምትይዘው። ይህ ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን የጎደለው ተውሳክ ግን አለ። ሲባዛ በተፈጠረ ስህተት ያ የዲ ኤን ኤ ክፍል ወድቋል። ተውሳኩ ያለ እሱ መኖር ይችላል፤ ሰውም ያሳምማል።

እስቲ ሁለት ታማሚዎችን አስቡ። ሁለቱም ትኩሳት አላቸው፣ ሁለቱም ፋልሲፓረም ይዟቸዋል። አንደኛው ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ፕሮቲኑን ያመርታል። መስመሩ ይወጣል፣ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ይሰጠዋል፣ ተውሳኩ ይሞታል። ሁለተኛው ደም ውስጥ ያለው ጂኑ የጎደለው ነው። መስመር አይወጣም። «ወባ አይደለም፣ ሌላ ነገር ይሆናል» ተብሎ ፓራሲታሞል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማታ ትንኝ ትነክሰዋለች። የማን ተውሳክ ልጅ ተወ?

መመርመሪያዋ ሳናስበው ወንፊት ሆነች ማለት ነው። የምታያቸውን ለሞት ትለያለች፣ የማታያቸውን ታሳልፋለች።

ነገሩ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። ኤርትራ ውስጥ ብዙ ታማሚዎች በዚህ ምክንያት እያመለጡ መሆኑ ሲታወቅ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያዋን ቀየረች። እኛ አገር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ የሚሆኑት በጂኑ መጉደል ምክንያት በዚህ መመርመሪያ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «መመርመሪያ ቀይሩ» የሚለው ቁጥሩ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። አጥኚዎቹ የተውሳኩን ዲ ኤን ኤ ሲያነቡም የቅርብ ጊዜና ጠንካራ የተፈጥሮ ምርጫ የሚተወውን አሻራ አገኙበት።

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ነውና። ተውሳኩ መመርመሪያዋን አይቶ አልተደበቀም። አንጎል የለውም። ምንም አላሰበበትም። ጉድለቱን የፈጠረችው መመርመሪያዋም አይደለችም። ጂኑ የጎደላቸው ተውሳኮች መጀመሪያ የተገኙት ፔሩ፣ አማዞን ውስጥ ነው፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም እዚያ ወባ በዋናነት የሚመረመረው በማይክሮስኮፕ ነበር። ስህተቱ በዘፈቀደ ይመጣል። አንዳንድ ቦታ ይጠፋል፣ አንዳንድ ቦታ ሳይጠቅምም ሳይጎዳም ይቆያል፣ ሁኔታው ሲመቸው ደግሞ ይበዛል። መምጣቱ ዕድል ነው፤ መብዛቱ ግን ዕድል አይደለም።

ከመድኃኒት ጋር ያለው ታሪክም እንዲሁ ነው። በጠና በታመመ ሰው ደም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ተውሳክ ሊኖር ይችላል። በየሁለት ቀኑ ገደማ ይባዛሉ። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ቢገኝ አይግረማችሁ። ክሎሮኩን ለፋልሲፓረም አልሠራ ሲል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋንሲዳር ወደሚባለው መድኃኒት ሄድን። እሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም ገባ። ሰዉ መድኃኒቶቹ «ድሮ ጥሩ ነበሩ፣ አሁን ፎርጅድ ሆኑ» ሲል እሰማ ነበር። ፎርጅድ መድኃኒት የለም አልልም። ግን እውነተኛው ክሎሮኩንም ያው ክሎሮኩን ነበር። የተለወጠው የተውሳኩ ስብስብ ነው።

የማላዊን ታሪክ ተማሪዎቼ ሲሰሙት በጣም ይገረሙ ነበር። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኩንን አቆመች። እ.ኤ.አ. በ2001 ብላንታየር ከተማ ላይ ሲፈተሽ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ዓይነት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ እያለ አሸናፊ የነበረው፣ መድኃኒቱ ሲነሳ ያው ለውጡ ሸክም ሆነበት። መድኃኒቱን የማይቋቋሙት መልሰው በለጡት። ስለዚህ «ጠንካራው ያሸንፋል» ሲሏችሁ «የት? መቼ?» በሉ። በሁሉም ቦታ የተሻለ የሚባል ፍጡር የለም። ይህን ሐሳብ አጣመው ሕዝብን ከፍተኛና ዝቅተኛ ብለው የሚደረድሩ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። ባዮሎጂውን አያውቁትም፣ አትስሟቸው።

እኛም ከዚህ ወንፊት ውጭ አይደለንም። ማጭድ መሰል ቀይ የደም ሴል የሚያመጣውን ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ በተሻለ ይጠበቃል። ከሁለቱም የወረሰ ግን ክፉ በሽታ ይይዘዋል። ወባ በበዛበት አገር ጂኑ ያልጠፋው ለዚህ ነው። ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ? መልሱ እንደየሁኔታው ነው፤ ፈተና ላይ «ሁለቱም» ብላችሁ ምክንያቱን ካስረዳችሁ እኔ ሙሉ ማርክ እሰጣችኋለሁ።

ጤና ሙያ ውስጥ የምትገቡት ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲሻለው የቀረውን ለወንድሙ የሚያስቀምጥ ሰው ሞልቷል። ተቆጡት፣ ግን ምክንያቱንም ንገሩት። በግማሽ መድኃኒት የሚሞቱት ደካሞቹ ናቸው፤ ትንሽ መቋቋም የጀመሩት ይቀራሉ። የኮአርተም አንዱ ክፍል የሆነውን አርቴሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የጂን ለውጥም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ታይቷል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

በኤች አር ፒ 2 ምትክ አሁን ፒ ኤል ዲ ኤች የሚባለውን ኤንዛይም የሚፈልጉ መመርመሪያዎች አሉ። ኤንዛይሙ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ይህ ኤንዛይም ተውሳኩ ከስኳር ኃይል የሚያገኝበት ነው፤ ጂኑን እንደ ፊተኛው ጥሎ እንደልቡ መኖር አይቀለውም። እንከን ግን አላቸው፤ ተውሳኩ ጥቂት ሲሆን መስመሩ ሊደበዝዝ፣ ጭራሹን ላይወጣም ይችላል። መስመሩን በጥሩ ብርሃን እዩት፤ ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ደም ፊልም፣ ማለትም መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ደም፣ አሠሩ። ጊምሳ ላይ ሰማያዊዋን ቀለበትና ቀይ ነጥቧን ፈልጉ። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ተውሳኩን ራሱን ስለሆነ፣ የትኛው ጂን ጎደለ አልጎደለ አያግደውም።